«አለ፤ ይወጋኛል»

አያቴ ወረንጦዋን በጥቁር ክር አስራ ከማተቧ ጎን ታንጠለጥለው ነበር። የኩየራ ጠዋት ብርድ አለው፤ ፀሐይ በኮፈሌ በኩል ብቅ ስትል ጓሮ ካለችው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ትጠራኛለች። «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው። ንቀልልኝ።» የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቶቿ ብሌኗን ይፍቁት ነበር። በግራ እጄ ቆቡን ገልበጥ አድርጌ፣ በቀኜ ወረንጦውን ይዤ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። የነቀልኩትን መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ በጣቷ እየዳሰሰች ትቆጥረዋለች።

አንድ ቀን ጨረስኩ ብዬ ወረንጦውን ስመልስላት አልተቀበለችኝም።

«ገና አንድ ይቀራል።»

«የለም እኮ እማማ። ሁሉንም አየሁት።»

«አለ። ይወጋኛል።»

ደግሜ አየሁ፤ ምንም የለም። ሰልችቶኝ ልሄድ ብድግ ስል ክንዴን ያዘችና ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ጮራው ጉንጯ ላይ ተንሸራቶ የዓይኗን ቆብ ጠርዝ ሲነካ ያኔ ታየኝ። ወረንጦው መሃል ለመሃል የሰበረው፣ ከቆዳው እምብዛም ከፍ ያላለ፣ የፀጉር ጉቶ ነበር። ፊት ለፊት ሲያዩት የለም፤ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ አለ።

ይህ የአያቴና የእኔ ክርክር በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ሲካሄድ እንደኖረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ክርክሩ የተነሳውም የእሷን ዓይን ባበላሸው በዚያው ባክቴሪያ ላይ ነበር።

ኩየራ ከሞጆ ተነስቶ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ የሚወርደው መንገድ ሻሸመኔ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በአድቬንቲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤቷ ነው። በዚህ አካባቢ፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ገጠር፣ የዓይን ማዝ (ትራኮማ) እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በሽታው በልጅነት ይጀምርና በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን እየተመላለሰ ደጋግሞ ይይዛል። በተደጋጋሚ የሚቆጣው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል፤ ብሌኑም ውሎ አድሮ ይደፈርሳል። አያቴን የያዛት በልጅነቷ ነው፤ ብርሃኗን የወሰደባት ግን በስተርጅና ነው።

አጥፊውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ሉድቪግ ሃልበርሽቴተርና ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ ነበሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1907 ጃቫ ደሴት የተገኙት ቂጥኝን ሊያጠና ከሄደ የምርምር ጓድ ጋር ነበር። ከትራኮማ ሕሙማን የዓይን ቆብ የፋቁትን ወስደው ኦራንጉታን የተባሉት ዝንጀሮዎች ዓይን ላይ አደረጉ። ከዚያ ናሙናውን በጊምሳ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። በሴሉ ውስጥ፣ ኒውክሊየሱን ተጠግቶ፣ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ሰማያዊ ከረጢት ተቀምጧል። ነጠብጣቦቹ በካባ ተጠቅልለው የተቀመጡ ስለመሰላቸው ካባ ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጡላቸው። ዛሬ ክላሚድያ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ፕሮቫዜክ ራሱ በ1915 ተስቦን ሲያጠና ተስቦ ይዞት ሞተ።

ካባ ለባሹ ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። በብልቃጥ አያድግም፤ ባክቴሪያን የሚይዘው ማጣሪያ እሱን አይዘውም፤ ስለዚህ ቫይረስ ነው ተባለ። ቤይጂንግ ውስጥ ታንግ ፌይፋን የተባለ ሐኪም በዶሮ እንቁላል አስኳል ከረጢት ውስጥ ሊያሳድገው ቻለና ውጤቱን በ1957 አሳተመ። ያሳደገው ተህዋስ በእርግጥ ትራኮማ የሚያመጣው መሆኑን ለማስረዳት በገዛ ዓይኑ ላይ አድርጎ ታመመ። ተህዋሱ በእጅ ከገባ በኋላ በ1960ዎቹ ቫይረስ አለመሆኑ ተረጋገጠ። በሌላ ሕያው ሴል ውስጥ ካልሆነ መባዛት የማይችል ባክቴሪያ ነው።

ኑሮው እንዲህ ነው። ከሴል ውጪ ሲሆን 0.3 ሚክሮሜትር ያህል የምትሆን ጠንካራ ፍሬ ናት፤ ሚክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር 1000ኛ ነው። ሴል ውስጥ ስትገባ ሴሉ በራሱ ሽፋን ይጠቀልላታል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ፍሬዋ አብጣ 1 ሚክሮሜትር ገደማ ትሆንና ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እያለች ትከፈላለች። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ልጆቿ ወደ ፍሬነት ተመልሰው ሌላ ሴል ፍለጋ ይወጣሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሴሉ እንግዳውን ለምን አፍኖ አይገድለውም? ለዚህ መልስ የሰጠው የሚያበራ ቀለም ነው። በ1941 አልበርት ኩንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፀረ እንግዳ አካልን ከፍሎረሰንት ቀለም ጋር አጣብቆ ነበር። ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገውን አንድ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፤ ቀለሙ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት በሌላ ቀለም መልሶ ያበራል። እንግዲህ በጨለማ አዳራሽ ከተሰበሰበ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ፈልገህ እጁ ላይ ጧፍ እንደ ማስያዝ ነው። በ1995 ሞንታና በሚገኝ ቤተ ሙከራ ኢንክ ኤ በተባለ የክላሚድያ ፕሮቲን ላይ እንዲህ ጧፍ ሲበራ የታየው ያልተጠበቀ ነበር። ባክቴሪያዎቹ ጨለማ ሆነው ከረጢቱ ዙሪያውን አበራ። የባክቴሪያው ፕሮቲን ያለው በባክቴሪያው ገላ ላይ ሳይሆን ሴሉ በሠራው ሽፋን ላይ ነው!

የዚህ ቤተሰብ ፕሮቲኖች ዛሬ ከ50 በላይ እንደሚሆኑ ይታወቃል። በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ አንዳንዶቹ በሽፋኑ ላይ እኩል እንዳልተበተኑ አሳየ። እዚህና እዚያ ተሰባስበው፣ የሴሉ የውስጥ ሐዲዶች ከሚነኩት ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከረጢቱም በሐዲዱ ተስቦ ወደ ሴሉ መሃል ይጓዛል። ካባው ጨርቁ የባለቤቱ፣ ጥልፉ ግን የእንግዳው ነው ማለት ነው። ሴሉ ጥልፉን አይቶ የራሱ ዕቃ ይመስለዋል።

ወደ ክርክሩ ልመለስ።

ባክቴሪያ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ አለው። የአርሲን ቤት አስቡ፤ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይታሰራል፣ ሁለቱ ተያይዘው ቤቱን ያቆማሉ። በባክቴሪያም ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር የአሚኖ አሲድ ማገሮች ይታሰራሉ። የተሠራው መረብ ፔፕቲዶግላይካን ይባላል። ፔኒሲሊን የሚገድለው ማገሩን የሚያስረውን እጅ በመያዝ ነው። ግድግዳ ለሌለው ፔኒሲሊን ምኑም አይደለም።

ክላሚድያ ፔኒሲሊን ሲቀምስ ግን ይታወካል። አይሞትም፤ መከፈል አቅቶት ያብጣል፣ ቅርጹ የጠፋ ግዙፍ ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳ ሊኖረው ይገባል። ኬሚስቶች ፈለጉት። በ1982 የወጣ ጥናት ክላሚድያ ፔኒሲሊንን የሚይዙ ፕሮቲኖች እንዳሉት፣ የግድግዳው መለያ የሆነው ሙራሚክ አሲድ ግን እንዳልተገኘበት ዘገበ። አሳሪው እጅ አለ፤ የሚታሰረው ማገር የለም። በ1993 ጄምስ ሞልደር የተባለው አንጋፋ የመስኩ ተመራማሪ ጉዳዩን ራሱን ርዕስ አድርጎ ጻፈበት፤ ፔፕቲዶግላይካን ከሌለው ፔኒሲሊን ለምን ይጎዳዋል? በባለሙያዎች ዘንድ «የክላሚድያ እንቆቅልሽ» የሚለው ስም ጸንቶ ቀረ።

በ1998 የክላሚድያ ትራኮማቲስ ሙሉ ዘረመል ሲነበብ እንቆቅልሹ ባሰ። ዘረመሉ ትንሽ ነው፤ 900 የማይሞሉ ጂኖች ብቻ ናቸው ያሉት። የማያስፈልገውን ሁሉ አራግፎ በሰው ቤት የሚኖር ፍጡር ነው። ከዚያች ጥቂት ጓዝ መካከል ግን ግድግዳ የሚሠሩት ጂኖች ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ተገኙ። የማይጠቀምበትን መዶሻና ምስማር ተሸክሞ የሚዞር ማን አለ?

ፔኒሲሊን «አለ» ይላል። ጂኖቹ «አለ» ይላሉ። ያየው ግን የለም።

ያላዩበት አንዱ ምክንያት የብርሃን ጠባይ ነው። ኧርንስት አቤ የተባለ ጀርመናዊ በ1873 እንዳስረዳው ብርሃን ሞገድ ስለሆነ፣ ሁለት ነገሮች ከሞገዱ ግማሽ ርዝመት በታች ከተቀራረቡ ምንም ያህል ጥሩ መስታወት ቢሠራ እንደ አንድ ጭጋግ ይታያሉ። ወሰኑ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሚክሮሜትር 1000 ናኖሜትር ነው። 1 ሚክሮሜትር ለሚሆን ፍጡር ይህ ማለት አንድን ሰው በጭጋግ ውስጥ አይቶ መቀነቱ በየት በኩል እንደታሰረ እንደ መገመት ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያጠራል፤ ነገር ግን የቱ ጥላ የትኛው ኬሚካል እንደሆነ በራሱ አይናገርም።

ሌላው ምክንያት ቀለሙን የሚያስይዙበት ማጣታቸው ነው። ፔፕቲዶግላይካን ፕሮቲን አይደለም። ከጄሊፊሽ የተገኘውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ከጂኑ ጋር ሰፍቶ ማብራት ለፕሮቲን ይሠራል፤ ለግድግዳ ግን አይሠራም። ደግሞም በክላሚድያ ውስጥ አዲስ ጂን አስገብቶ ማጽናት የተቻለው ገና በ2011፣ እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ውስጥ ነው። ግድግዳውን ለማብራት ራሱን ጡቡን ቀለም መቀባት ያስፈልጋል።

ጡቡን የቀቡት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሴሎች ፕሮቲን የሚሠሩበት አሚኖ አሲድ እንደ ግራ እግር ጫማ ነው፤ ባክቴሪያ ግን ለግድግዳው የቀኝ እግሩንም ይጠቀማል። ኤርኪን ኩሩ፣ ኢቭ ብሩንና ማይክል ቫንኒውዌንሂዝ በቀኝ እግሩ ጫማ ላይ ቀለም አሰሩበትና ለባክቴሪያ አበሉት። ባክቴሪያው ሳይጠራጠር ግድግዳው ውስጥ ሰካው፤ ግድግዳው አበራ። ይህን በ2012 አሳተሙ። በክላሚድያ ላይ ሲሞከር ግን ጨለማ ነበር። እንደገና «የለም»።

ሜሪላንድ ውስጥ በአንቶኒ ማውሬሊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ሊክቲና ባልደረቦቹ እዚያ ላይ አላቆሙም። ክላሚድያ ማገሩን ሲሠራ ሁለት የዲ አላኒን (የቀኝ እግር ጫማው አሚኖ አሲድ) ቅንጣቶችን አስቀድሞ አጣምሮ ነው የሚሰካው። እንግዲያው ነጠላውን ትቶ ጥንዱን ማቅረብስ? ከኢንዲያና ሰዎች ጋር ሆነው ጥንዱን ሠሩ። የትልቅ ቀለም ሸክም እንዳይከብደው ቀለሙን ራሱን አላሰሩበትም፤ ከሁለት የካርቦን አቶሞች የተሠራች ትንሽ ማያያዣ ብቻ አደረጉበት። ባክቴሪያው ጥንዱን በልቶ ከሰካው በኋላ ቀለሙ ይመጣና ማያያዣው ላይ እንደ ጃኬት ቁልፍ ጠቅ ይላል። ዘዴው ክሊክ ኬሚስትሪ ይባላል፤ ፈልሳፊዎቹ በ2022 ኖቤል የተሸለሙበት ነው። ማያያዣዋ በጥንዱ መጨረሻ ላይ ብትሆን ማገሩ ሲታሰር ተቆርጣ ትወድቃለች፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ አደረጓት። ልክ እንደ እኔ ወረንጦ፣ ሁሉም ነገር በየት በኩል ትይዘዋለህ ነው።

ለባክቴሪያው ገላ ቀይ፣ ለአዲሱ ጡብ አረንጓዴ። በ2014 መጀመሪያ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ሥዕል ይህን ያሳያል። በቀዩ መካከል አረንጓዴ ቀለበት አለ። ሌላ ቦታ እንደ መስመር ይታያል፤ ቀለበትን በጎን ስታየው መስመር ነውና። ባክቴሪያው ለሁለት በሚከፈልበት ወገብ ላይ ተጠምጥሟል። የግድግዳ ሥራን የሚያውኩ መድኃኒቶች ሲጨመሩ ቀለበቱ ይዛባል።

ሰዎቹ ለአሥርት ዓመታት ግድግዳ ሲፈልጉ ክላሚድያ የታጠቀው መቀነት ብቻ ነበር። ለኬሚስቶቹ ሚዛን ያልታየውም ለዚህ ይመስላል፤ ሲከፈል ብቻ የሚታጠቀው ቀጭን ነገር ነው።

ጭጋጉን የገፈፉት አዲሶቹ ማይክሮስኮፖች ናቸው። አቤ የሠራው ሕግ አልተሻረም፤ በብልሃት ታለፈ። ሽቴፋን ሄል በ1994 ፊንላንድ ሳለ፣ የሚያበራውን ነጥብ ዙሪያውን በሌላ ብርሃን አጥፍቶ መሃሉን ብቻ መተው እንደሚቻል በወረቀት አሳየ። ኤሪክ ቤትዚግ ደግሞ ምርምርን ትቶ በአባቱ ፋብሪካ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ከጓደኛው ከሃራልድ ሄስ ጋር አዲሱን ማይክሮስኮፕ የገጣጠሙት በሄስ ሳሎን ውስጥ ነው። የእነሱ ብልሃት ጧፍ ያዡ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳያበራ ማድረግ ነው። ተራ በተራ ያበራሉ፤ እያንዳንዱ የቆመበት ቦታ ይመዘገባል፤ መጨረሻ ላይ ካርታው ይወጣል። ሄል፣ ቤትዚግና ሌላው የመስኩ ተመራማሪ ዊልያም ሞርነር የክላሚድያ ቀለበት በታተመበት በዚያው በ2014 ኖቤል ተሸለሙ።

የክላሚድያን መቀነት በቅርብ ለማየት የጠቀመው ግን ሦስተኛው ብልሃት ነው፤ ማትስ ጉስታፍሰን በ2000 ያሳወቀው። ሁለት ወንፊት አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ወደ ብርሃን ያዙ። ከሁለቱም ወንፊቶች ቀዳዳ የሚሰፋ ሌላ የሞገድ ጥለት ታያላችሁ። ጉስታፍሰን አንዱን ወንፊት በብርሃን ሠራው፤ በናሙናው ላይ ቀጫጭን የብርሃን ሰንበር ይዘረጋል። ለማየት የሚያዳግተው ረቂቅ ነገር ከሰንበሩ ጋር ሲደረብ ሰፊ ሞገድ ይሆንና ይታያል። ሰንበሩን እያዟዟሩ ደጋግሞ ማንሳትና ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ እንዲያሰላ ማድረግ ነው። ጥራቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ወደ 100 ናኖሜትር ይወርዳል።

በዚህ መንገድ በ2016 የታተመው ሥራ መቀነቱ ጠባብ መሆኑን፣ ክላሚድያ እንደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ገላውን ሁሉ የሚሸፍን ግድግዳ እንደሌለው አሳየ። መቀነቱን የሚያስታጥቀውም ታወቀ። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲከፈሉ ወገባቸው ላይ የሚሰለፍ ኤፍቲኤስዜድ የሚባል ፕሮቲን አላቸው፤ ክላሚድያ ከነጂኑ ጥሎታል። በቦታው የተካው ኤምአርኢቢ የተባለውን ነው፤ በሌሎቹ ዘንድ የዘንግ ቅርጽ የሚጠብቅ ፕሮቲን ነው። ኤምአርኢቢን የሚያግድ ኬሚካል ሲጨመር መቀነቱ በወጉ አይታሰርም። ብዙውን ጓዝ የጣለ ቤተሰብ አንዱን ዕቃ ለሁለት ሥራ እንደሚያውለው ነው።

ታዲያ ይህ ለኩየራ ምን ይፈይዳል? ወዲያው የሚሰጥ ኪኒን የለውም። በቤተ ሙከራ የሚጠናው ዝርያ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የሚይዘው አይደለም፤ ኤል 2 የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። በእኛ ሰፈር የሚታደለው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ሲሆን ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል እንጂ መቀነቱን አይነካም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን በዘንግ ታቆምና ቁመቱ ከደረሰበት ምልክት ትነሳለች፤ በዚያ ልክ ሽሮፑ ይቀዳል። ሚዛን አያስፈልግም።

ቢሆንም ሥዕሉ ሁለት ነገር ነገረን። የመጀመሪያው ፔኒሲሊን ለምን የዚህ በሽታ መድኃኒት እንደማይሆን ነው፤ መቀነቱን ያስፈታዋል እንጂ ቤቱን አያፈርሰውም። ባክቴሪያው አብጦ ይተኛል፣ መድኃኒቱ ሲሄድ ይነቃል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የእኛ ሴሎች የባክቴሪያ ግድግዳ ስብርባሪ ሲያሸቱ ደወል ይደውላሉ፤ ቁጣው የሚነሳው ከዚያ ነው። ግድግዳውን ወደ መቀነት ያሳነሰ ባክቴሪያ ደወሉን ለማምለጥ ያደረገው ይሆን? አያቴን ያሳወራት ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን በልጅነቷ በየክረምቱ የተነሳው ቁጣና የተወው ጠባሳ ነበር። በአማራ ክልል አንዳንድ ወረዳዎች መድኃኒቱ ከ10 ዓመት በላይ ታድሎም በሽታው ሥር እንደሰደደ ነው። እንዲህ ያለውን ጠላት ውስጡን ሳያዩ መርታት ይከብዳል።

የቀለበቱን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ያ ጠዋት ነው። ጉቶውን ለመያዝ ወረንጦው ሦስት ጊዜ አዳለጠኝ። በአራተኛው ያዘልኝ። አያቴ እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች፣ አስቀመጥኩላት። ጉቶዋ ከማነሷ የተነሳ እኔም አጠገቧ ሆኜ እምብዛም አልታየችኝም። እሷ በአመልካች ጣቷ ፈልጋ አገኘቻት፣ አንዴ አሸት አደረገቻትና «ይኸው» አለች።